ጨርቄ የከሰሰኝ ቀን

ትናንት በቀትር ሕልም አየሁ። ሌሊት አላልኩም፤ ሌሊትማ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው፣ ሕልም ቢመጣም በሩን ቆርቁሮ ቆርቁሮ ይመለሳል። ይሄኛው የመጣብኝ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ በምታንቀላፋበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ፔጆ ታክሲ ሥር በሚገባበት ሰዓት፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት እንደተቀመጥኩ ነው።

ከሕልሙ በፊት ግን እኔን ማወቅ ያስፈልጋል። ዘቢባ እባላለሁ። ገንደ ቆሬ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። በአሥራ አራት ዓመቴ የእናቴን ቀሚስ ክር በክር ተርትሬ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደተያያዘ አይቼ፣ መልሼ ሰፋሁት። እናቴ ሁለት ረመዳን ለበሰችው፤ ተተርትሮ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አታውቅም። ስድስት ወር ኮርስ ወስደው ሰርተፍኬታቸውን በመስታወት ያሰቀሉ ሰፊዎች፣ ኮሌታ ሲጣመምባቸው በጓሮ በኩል ወደ እኔ ይልካሉ። ይህን የምናገረው ለመኩራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራት ነው።

አንድ ደብተር አለኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና ቁመት እዚያ ላይ አለ። ማን እንደወፈረች ከባሏ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ከደብተሩ በታች፣ በመጨረሻው መሳቢያ ውስጥ፣ አንድ ጨርቅ ተቀምጧል። ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ አበባ የተበተነበት፣ ለሽቲ የሚሆን ስስ ጥጥ። ከሦስት ዓመት በፊት ታይዋን ገበያ አይቼው «ይሄስ የኔ ነው» ብዬ ገዛሁት። ሽቲ ማለት የድሬ ሴት ሙቀቱን የምትችልበት ሰፊ ቀሚስ ነው። ለእኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያችን አንድ ሰዓት ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ያጣኋት።

ትናንት የፈቲያ ሰርግ ነበር። ፈቲያን የማውቃት ሁለታችንም የወተት ጥርሳችን ሳይወልቅ ነው፤ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኩኩሉ ስንጫወት ነው ያደግነው። ለሰርጓ አሥራ አራት ቀሚስ ሰፋሁ፤ ለሚዜዎቿ፣ ለእህቶቿ፣ ለአማቷ ሳይቀር። ጠዋት የራሷን ልትወስድ መጣች። እጇ ላይ ሂናው ገና ስላልደረቀ በክርኗ ገፋችኝ።

«ያንቺስ?»

«ምኑ?»

«ልብስሽ ነዋ! በዚች የሥራ ቀሚስሽ፣ ክር ተለጣጥፎብሽ ብትመጪ፣ ወላሂ በር ላይ አላውቃትም ነው የምለው።»

«ከሰዓት እሰፋዋለሁ።»

«ለእህቴ ሰርግም እንዲሁ ብለሽ ቀረሽ። ለልደቴም እንዲሁ። የኔን ሰርግ ከቀረሽ ግን ዘቢባ…» አለችና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ወጣች። ፈቲያ ጀምራ ያልጨረሰችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ፈራሁ።

ሰርጉ ለአሥር ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአክስቷ የአዴ ሞሚና ግራ እጅጌ። አዴ ሞሚና አምስት ዓመት ስሰፋላት ጥርሷን ያላየሁት ሴት ናት። ትመጣለች፣ «ደረሰ?» ትላለች፣ ትሄዳለች። እጅጌዋን መርፌው ሥር አስገባሁ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩ። ሞተሩ ትርርር አለ፣ ቬንትሌተሩ ዞረ፣ ዓይኔን ለአፍታ ብቻ ከደንኩ።

ትርርሩ ቆመ።

መኪናዬ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ደክሞኛል፣ ሻሂ ልጠጣ» አለችና ከጠረጴዛው ወረደች። በር ላይ ደርሳ ዞር ብላ፣ «መቀሱንም ይዤው እሄዳለሁ፣ እሱም ሰው ነው» አለች። መቀሱ ከመሳቢያው ዘሎ፣ በሁለት እግሩ እየተራመደ ተከተላት።

«አቦ፣ እጅጌውስ?» ብዬ ተከትያቸው ወጣሁ።

ውጪ ደንበኞቼ ሁሉ ተሰልፈዋል። እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ሜትር ጥላለች፣ ጆሮዋ ላይ ጠመኔ ሰክታለች። ከፊት የቆመችው አዴ ሞሚና ናት፤ ስፒል በከንፈሯ ይዛለች። አየችኝና እጅ ነሣች።

«ይቅርታ ያድርጉልን እመቤት ዘቢባ። ልብስዎ አልደረሰም። መብራት ጠፍቶ ነው። ነገ ብቅ ይበሉ።»

ድሬ ላይ እኮ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። እኛ ዘንድ ባለሥልጣኑም አንተ ነው፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንቷም አንቺ ናት፤ ፍቅራችን ነው። ከዚያ ሁሉ ጉድ መጀመሪያ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

«ማነው እርስዎ? ዘቢባ ነኝ እኮ!»

«እናውቅዎታለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ነገ እያልን ያመላለስንዎት እርስዎ ነዎት።» ሜትሯን ዘረጋች። «ለመሆኑ የትከሻዎ ስፋት ስንት ነው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። የአዴ ሞሚናን አውቃለሁ፤ አርባ አራት። የፈቲያን አውቃለሁ፤ ሠላሳ ስምንት። የአማቷን፣ ቀኙ ከግራው ዝቅ እንደሚል ሳይቀር አውቃለሁ። የኔን ግን አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም።

«ትከሻቸውን አያውቁም!» አለች አንዷ። ሰልፉ ተንሾካሾከ። ሴቶቹ የማይታይ ነገር እንዳዩ ሁሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አዴ ሞሚና ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች፤ መዳፏ ላይ ሲያርፉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሆኑ።

«እንዲያ ከሆነ ልክ ነው የተባለው። ጨርቅዎ ከሶዎታል። ፍርድ ቤቱ ባቡር ጣቢያ ነው፣ አሁኑኑ ይፈለጋሉ። ብቻ እንዳይቸኩሉ፤ መቸኮል ያስቀጣል።»

ቸኮልኩ። የማውቀው እሱን ነው።

መንገድ ላይ አህዮቹ ጋሪው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ነጋዴዎቹ ይጎትቷቸዋል። አንዷ አህያ ጎንበስ ብላ ጎታቿን፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ላብህን ጥረግ፣ ማን አባረረህ?» ትለዋለች። አንድ አሮጌ ፔጆ ኒም ዛፉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አራት ጎማውን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ሾፌሩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በካርቶን ያራግብለታል። «ሆዱን ንፋስ እያስመታ ነው፣ ድምፅ አያሰሙ» አለኝ።

አደባባዩ መሃል ዥዋዥዌ ተሰቅሏል። ትራፊክ ፖሊሱ እዚያ ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲሄድ ፊሽካውን ይነፋል፣ ወደኋላ ሲመለስ ይስቃል።

«ይቁሙ! እየሮጡ ነው?»

«ፍርድ ቤት ተጠርቼ ነው።»

«ሴትየዋ፣ እዚህ ከተማ የተፈቀደው ፍጥነት መንሸራሸር ነው። ቅጣትዎ አንድ ማንጎ። ጭማቂው ክርን ካልደረሰ አይቆጠርም።»

ማንጎውን ተቀብዬ፣ ሽንቱን የሸና ሕፃን እንደሚይዝ ሰው ከሰውነቴ አርቄ ያዝኩት። ጫፉን በጥርሴ ነካ አደረግኩ። ምን ላድርግ፣ አሥር ዓመት የሚንጠባጠብ ነገር በልቼ አላውቅም። የሰው ነጭ ሐር ጭኔ ላይ ይውላል፤ ምሳዬ ደረቅ ሳምቡሳ ነው፣ እሱንም ካስታወስኩ።

«አልደረሰም!» ብሎ ነፋ። ሁለተኛ ሰጠኝ። እሱንም በጨዋ ደንብ በላሁት። «ክርን ነው ያልኩት፣ ጣት አላልኩም!» ሦስተኛውን ሲሰጠኝ ተናድጄ ፊቴን ነከርኩበት። ጭማቂው በአገጬ ወረደ፣ በእጄ ወረደ፣ ክርኔ ላይ ደርሶ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ማን እንደሚቆጣኝ ፈለግኩ። ማንም የለም። ዥዋዥዌው ብቻ ይወዛወዛል።

«አዩ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቀሚስ ይታጠባል።»

የማንጎውን ፍሬ በመዳፌ እንደያዝኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ከቀበሌ የሥራ ፈቃድ ካወጣሁ ዳኛው ይተወኛል። ዞር ስል ቀበሌው አጠገቤ ነበር፤ ሕልም ለዚህ ጥሩ ነው፣ ታክሲ አያስፈልገውም። ሠራተኞቹ ምንጣፍ ዘርግተው ገበጣ ይጫወታሉ።

«ለአንዲት እጅጌ ብቻ የሥራ ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እሽሽ! ሲስተሙ ተኝቷል።»

ጥግ ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ የዝሆን ግልገል የሚያክል ግራጫ ነገር ተኝቶ ያንኮራፋል። ቬንትሌተር አዙረውለታል። አንዷ ቀስ ብላ አንሶላውን አስተካከለችለት።

«መቼ ነው የሚነቃው?»

«ለምን ይነቃል? ምን አጠፋ?» አለችኝ ደንግጣ። «ፎርሙን ይሙሉና ይቀመጡ።»

ፎርሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ያለ ምንም ምክንያት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁበት ቀን ይላል። «ባለፈው ሳምንት» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው ቀለሙን መልሶ ጠጣው። «ባለፈው ዓመት» ጻፍኩ። መልሶ ጠጣው። ከዚያ እጄን ይዞ ራሱ ጻፈ፦ ፈቲያ የፊት ጥርሷ በወለቀ ሰሞን።

ከወረቀቱ ቀና ስል ባቡር ጣቢያው ውስጥ ነበርኩ።

ለከሳሽና ለዳኛ ወንበር የለም፤ ያለችው አንዲት ከፍ ያለች ለስላሳ ሶፋ ናት፣ እሷም ለተከሳሽ ናት። አስቀመጡኝ። እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ከተቱልኝ። ዳኛዋ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ በጠጠር ቅልብልቦሽ ትጫወታለች። የሰባት ዓመቷ ፈቲያ ናት። የሙሽራ ቬሏ ከእሷ በልጦ እስከ ሐዲዱ ተጎትቷል፣ ሂናዋ እስከ ክርኗ ነው፣ የፊት ጥርሷ የለም።

«መጣሽ?» አለችኝ።

በዚያ ከተማ እስከዚያች ሰዓት አንቺ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ልቤ መለስ አለ።

«ክብርት ዳኛ…»

«ፈቲያ በይኝ አቦ።»

ከሳሼ ገባ። ጨርቄ ነው። በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሰማያዊነቱ ያው ነው፣ ግን ለሦስት ዓመት የታጠፈበት መሥመር ፊቱ ላይ እንደ ሽብሽብ ይታያል። ነፍታሊን ነፍታሊን ይሸታል።

«ሦስት ዓመት ከቁልፍ ቆርቆሮ ጋር ጨለማ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ለኢድ አወጣሃለሁ አለችኝ፣ ኢዱ አለፈ። ለሚቀጥለው ኢድ አለችኝ፣ እሱም አለፈ። በየቀኑ መሳቢያው ይከፈታል፤ ክር ትወስዳለች፣ በእጇ ትዳስሰኛለች፣ እንዴት ያምራል ትላለች፣ ትዘጋብኛለች። ጭራሽ ባታየኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ምስክር አለህ?»

«አለኝ።»

ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። ወገቤ ነው። ምርኩዝ ይዞ እያነከሰ መሃል ቆመ። «እኔ ብዙ አልናገርም» አለ። «ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ጎብጬ ነው የምውለው። አንድ ቀን ተነሥታ ብትንጠራራ ምን ነበረበት? የሰው ወገብ ስትለካ እኔ እዚያው ነኝ፤ አንዴ እንኳ አንተስ አላለችኝም።»

ቀጥሎ ሆዴ ተነሣ። «ምሳ ስለሚባል ነገር ሲወራ እሰማለሁ» አለና ተቀመጠ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ የገዛ ሆዴ በሰው ፊት ሲቀልድብኝ ያናድዳል።

«ዝም አልልም!» ብዬ ሳፋው ውስጥ ቆምኩ። «እኔ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ በገዛ እጄ እዚህ የደረስኩ ነኝ። ብተኛ ማን ይሰፋል? ብጫወት ማን ይደርሳል? ከዚች ከተማ ግማሹ እርቃኑን ይቀራል!»

ፈቲያ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወረወረች፤ እስኪመለስ ጠበቀችው፣ ቀለበችው።

«መስፋት ማንም አላስተማረሽም። እሺ። መጫወትስ ማን አስተማረሽ?»

ተመልሼ ሶፋዋ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ነፃ ልውጣ» አለ ጨርቁ። «የምትለብሰኝ ሴት ትሰጠኝ። አዴ ሞሚናም ብትሆን ግድ የለኝም።»

«ለአዴ ሞሚና አትበቃም!» ብዬ ጮኽኩ፣ ሳላስበው። «በአርባ አራት ትከሻ? እጅጌ ላይ ታልቃለህ!»

«አያችሁ?» አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። «ለሷ እንደማልበቃ ታውቃለች። ለራሷ እበቃ እንደሆነ ጠይቋት።»

ወገቤ ቀስ ብሎ መጥቶ ቦታው ገባ፤ አዝኖልኝ መሰለኝ።

ፈቲያ ቬሏን ሰብስባ ተነሣች። «ፍርድ። አንድ ኩኩሉ እንጫወታለን። ጨርቁ ይፈልጋል፣ እኛ እንደበቃለን። ጨዋታው እስኪያልቅ ሥራ ካላሰብሽ ጨርቁ ያንቺ ነው። ካሰብሽ ይሄዳል።» ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ። «እኔም በር ላይ አላውቃትም ነው የምለው።»

የጣቢያው ወለል ተደርምሶ የደቻቱ አሸዋ ሆነ። ከተማው ሁሉ ይሮጣል። ፔጆው አንድ ቁጥቋጦ ላይ ዘሎ ገብቶ መብራቱን ጨፈነ። አህዮቹ እርስ በርስ ተደራረቡ። ሲስተሙ እንኳ ነቅቶ አንሶላውን ተከናንቦ በርከክ ብሏል፣ ጅራቱ ውጪ ነው። አዴ ሞሚና አንዲት ቀጭን ሸምበቆ ከፊቷ አቁማ የተደበቀች መስሏት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትንከተከታለች። ጥርሷን አየሁት። ሁሉም አለ።

እኔና ፈቲያ ከአንድ ግመል ሆድ ሥር ገባን። ግመሉ ትንፋሹን ውጦ ሰማዩን ያያል። አሸዋው ከላይ ይፋጃል፣ ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ልክ እንደ ድሮው። ክርኔ ላይ የማንጎው ጭማቂ ተጣብቋል። ፈቲያ ጆሮዬ ሥር ትተነፍሳለች፤ አፏ ሎሚ ሎሚ ይላል።

ጨርቁ ራሱን በራሱ ፊቱ ላይ አስሮ ከወዲያ ተጣራ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለ ከተማው በሙሉ።

አልነጋም እስካልን ድረስ ፈላጊው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከዚህ የጠነከረ ሕግ አላውቅም። ፖሊስም ይጥሰው አይመስለኝም።

ሳቄ መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከሆዴ መሰለኝ፣ ያ ተንኮለኛ። ያዝኩት፣ በአፍንጫዬ አመለጠኝ። ፈቲያ አፌን በሂና እጇ ከደነችው፣ እሷም ሳቀች፣ ግመሉ «እባካችሁ፣ ታስይዙኛላችሁ» አለ። ሥራ የሚባል ነገር ከነስሙ ጠፋኝ። እጅጌ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ የአንድ አገር ስም ነው እል ነበር።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ያን ጊዜ ነው እግሬ የጀመረው።

ቀኝ እግሬ ብቻውን አሸዋውን መርገጥ ጀመረ። ትርርር። አነሣ፣ ጫን። ትርርር። እኔ አላዘዝኩትም።

«እግርሽ ምን ሆነ?» አለች ፈቲያ።

«እኔ እንጃ። ሥራ ላይ ነው።»

«አስቁሚው!»

በእጄ ያዝኩት፣ እጄን ይዞ ረገጠ። ተቀመጥኩበት፣ እኔን ይዞ ረገጠ። ትርርርርር። ድምፁ አሸዋው ላይ እየሰፋ ሄደ፤ ከሥሩ ነጭ ክር እየወጣ ከእኔ እስከ ጨርቁ ድረስ በመሥመር ተሰፋ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ ምን ያደርጋል፤ ክሩ ቀጥታ ወደ እኔ ይመራል።

«ኩኩሉ!» አለ ጨርቁ፣ ክሩ ጎትቶ አቅርቦት።

አልነጋም ልል አፌን ከፈትኩ። አፌ ያለው ግን ሌላ ነው፦ «ትንሽ ነው የቀረው! እጅጌዋን ብቻ!»

ፈቲያ ፊቷን ከእኔ መለሰች። ስትመለስ ጥርሷ በቅሏል፤ የዛሬዋ ፈቲያ ናት፣ ሙሽራዋ። አረፍተ ነገሩን ያን ጊዜም አልጨረሰችውም።

ጨርቁ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ጥላው ሰማያዊ ነበር፣ አበባዎቹ ፊቴ ላይ ወደቁ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ የተቆጣ አይመስልም።

«ዘቢባ፣ እግርሽን አንሺ።»

«ካነሣሁ ማን ይጨርሰዋል?»

«አንሺ።»

«የሰው ልብስ ነው! ሰርግ አለ!»

«አንሺው እንጂ አንቺ!»

አነሣሁት።

ትርርሩ ቆመ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ጉንጬ የመኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል፣ እግሬ ከፔዳሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ክርኔ ላይ የወረደው የማንጎ ጭማቂ አልነበረም፤ ለሃጬ ነው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል።

«ዘቢባ! አንቺ ዘቢባ! ቀሚሴ ደረሰ?» አዴ ሞሚና ናት፣ በሩን በመዳፏ ትደበድባለች።

«መጣሁ!» ብዬ ብድግ ስል የሷ ቀሚስም አብሮኝ ብድግ አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሥራ ቀሚሴ ከጉልበቴ ጀምሮ እስከ ዳሌዬ ድረስ ከአዴ ሞሚና ግራ እጅጌ ጋር ተሰፍቷል። ተኝቼ ነው የሰፋሁት። ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ቀጥ ያለ ስፌት ነቅቼም ሰፍቼ አላውቅም።

«ደረሰ ወይ?»

«ደርሷል… እኔም አብሬው ደርሻለሁ!»

«ምን?»

ልተርትረው ክሩን ሳብኩት። ንቅንቅ አይልም። ዘቢባ የሰፋችውን ሞት አይተረትረውም እያልኩ ለዓመታት የጎረርኩት እኔው ነኝ። ክር በክር ብይዘው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከሁለታችን አንዳችን መቆረጥ ነበረብን፤ እሷ ወይ እኔ።

መቀሱን አነሣሁ። ከሻሂ ተመልሷል። የራሴን ቀሚስ ከጎን እስከ ጎን ሸረከትኩት። ከእጅጌዋ ጋር የቀረውን ቁራጭ አስተካክዬ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ብብቷ ሥር ስለሚውል ማንም አያየውም። አዴ ሞሚና ሰርጉ ላይ የኔን የሥራ ቀሚስ ቁራጭ በብብቷ ይዛ ትጨፍራለች፣ አታውቅም።

እኔ ግን በውስጥ ልብስ ቆሜ ቀረሁ። ሱቁን ዙሪያውን አየሁት። የተሰቀለው ሁሉ የሰው ነው። የሥራ ቀሚስ የለኝም፣ ሌላ ቀሚስ የለኝም፣ በር ላይ ሰው አለ።

የመጨረሻውን መሳቢያ ሳብኩ። ነፍታሊኑ አፍንጫዬን መታኝ። ጨርቁን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ እጥፋቱ እዚያው አለ፣ በመዳፌ ዳበስኩለት። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ በገዛ ትከሻዬ ላይ አዞርኩት። ለብቻ መለካት እንዴት ይከብዳል! ሁለቴ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ያዝኩት። ሠላሳ ዘጠኝ። ከፈቲያ በአንድ ሴንቲ እበልጣለሁ። ደብተሩ ላይ፣ ከአዴ ሞሚና በታች፣ ዘቢባ ሠላሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩና ጠመኔዬን አነሣሁ።

በሩ እንደገና ተደበደበ።

«አንቺ ልጅ! ደርሷል ካልሽ ለምን አትከፍቺም? ፀሐዩ እኮ ጨረሰኝ! ምን እየሠራሽ ነው?»

ከአፌ የሚወጣውን አውቀዋለሁ፤ መጣሁ፣ አሁን፣ ይቅርታ። አሥር ዓመት ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም። መቀሱን ሰማያዊው ላይ አስገባሁና አፌን ከፈትኩ።

«አልነጋም!»

የበሩ ድብደባ ቆመ። ሄደች ብዬ አሰብኩ። ወይ ሰው ልትጠራብኝ ነው፣ ዘቢባ ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጣ ብላ። መቀሱ ብቻ ክርት፣ ክርት ይላል። ከዚያ አዴ ሞሚና እያቃሰተች ደጃፉ ላይ ስትቀመጥ ሰማሁ። ጉሮሮዋን ጠራረገች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ መንገድ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማት መሰለኝ።

«ኩኩሉ!» አለች።